የመጀመሪያዋ ቀዳዳ

እኛ ላቦራቶሪ የምትሠራውን የኮምፒውተር ባለሙያ ሁሉም «ቆይ አንዴ» ይላታል። ስሙን ያወጣንላት እኛ ብንሆንም ያመጣችው ራሷ ናት። ፕሪንተሩ ወረቀት ጎረሰ ብላችሁ ብትጠሯት፣ እሳት ተነሣ ብላችሁ ብትጠሯት መልሷ ያው ነው። «ቆይ አንዴ» ትላለች፤ ከዚያ እጇን ከማንሣቷ በፊት ነገሩን ቆማ ታየዋለች። እኔ ችኩል ሰው ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ይህች ልጅ ዕድሜዬን ልታሳጥረው ነው የመጣችው እል ነበር።

የኔ ሥራ መስኮት ላይ ነው። ውጤት የሚወስድ ሁሉ በኔ በኩል ያልፋል። ከፊቴ ወረፋው፣ ከኋላዬ በመስታወት የተከለለው የማሽን ክፍል፣ በቀኜ የቆይ አንዴ ጠረጴዛ። መስታወቱ እስከ ጣሪያው አይደርስም፤ እኔም ጆሮዬን ቤት ጥዬ አልመጣም። ስለዚህ የምነግራችሁን ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ ማንም ሹክ ያለኝ አይደለም።

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ጊዜ ቀሚስ ላሰፋ ቤታቸው ሄድኩ። ጨርቁን ዘረጉ፣ በጠመኔ አሰመሩ፣ መቀሱን ከፈቱ፤ ልክ ሊቆርጡ ሲሉ «ቆይ አንዴ» ብለው መቀሱን አስቀመጡና ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው እንደገና ለኩኝ። የልጅቷ አመል ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባኝ። እሷ በሩ ላይ ቆማ የኔን ፊት እያየች ትስቃለች። ስትሸኘኝ ቀስ ብላ፣ «አባቴ በወጣትነቱ የአንድ ሙሽራ ሱሪ አሳጥሮ ቆርጧል» አለችኝ፤ «ሰውዬውን እስከ ዛሬ ከሩቅ ካየው መንገድ ይቀይራል። ሰውዬው እኮ ረስቶታል!»

አሁን ስለ ማሽኑ ትንሽ ልንገራችሁ፤ አያስቸግርም። የደም ብልቃጦች የሚደረደሩበት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መደርደሪያ አለ። በድሮው ማሽን የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ላይ የበሽተኛ ደም አይቀመጥም ነበር። ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ለማየት ውጤቷ አስቀድሞ የታወቀ የመፈተሻ ብልቃጥ ትገባባታለች። ቀዳዳዋን «የአለቃ ወንበር» እንላታለን፤ ባዶ ብትሆን እንኳ ማንም አይቀመጥባትም። በሽተኛ ከሁለተኛዋ ይጀምራል። ማሽኑ ሲጨርስ ቁጥሮቹን በተራቸው ይሰጣል፤ ቆይ አንዴ የጻፈቻት፣ ስክሪፕት የምትላት አጭር ፕሮግራም ደግሞ እነዚያን ቁጥሮች ከበሽተኞቹ ስም ጎን እየሞላች ዝርዝር ትሠራለች፣ ያ ዝርዝር ታትሞ ወደየክፍሉ ይሄዳል።

«ኮምፒውተር ከዜሮ ነው የሚቆጥረው» ብላ አስረድታኝ ነበር። «እኛ አንደኛ የምንለው ለሱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ዜሮዋ የአለቃው ናት፤ እኔ እሷን ዘልዬ ከአንድ እጀምራለሁ።» ገባኝ አልኳት። እውነቱን ለመናገር የገባኝ ጉዱ ከፈላ በኋላ ነው።

ከዚያ አዲስ ማሽን መጣ፤ እሱ የመፈተሻዋን ብልቃጥ የሚቀበለው በጎኑ ባለች የራሷ በር ነው። ሻጮቹ ከፍተው ዘግተው አሳዩን፤ አጨበጨብን። በማግስቱ ጠዋት፣ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ባልደረባችን የበሽተኞቹን ብልቃጥ ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ ጀምሮ ደረደረ። የአለቃ ወንበር በዚሁ ተሻረች። ለቆይ አንዴ ግን የነገራት የለም። ማንስ ይነግራታል? ብልቃጥ የት ተቀመጠ የሚለው የላቦራቶሪ ሰው ጉዳይ ነው፤ እሷ የኮምፒውተር ሰው ናት። እኛ ቤት ሁሉም የራሱን ክልል ጠንቅቆ ያውቃል፤ ድንበሩ ላይ የሚሆነውን ግን ማንም አያይም።

የዚያን ቀን ጠዋት ስክሪፕቷ ጮኸች።

ድምፅ አላወጣችም፤ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ ማለቴ ነው። ቆይ አንዴ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ቦታ ተጠየቀ ነው የሚለው። ስክሪፕቷ ስሞቹን ሞልታ ሞልታ የመጨረሻው በሽተኛ ጋ ስትደርስ የሚሰጠው ቁጥር አጣችና ቆመች። እሷ ካልጨረሰች ደግሞ አንድም ወረቀት አይታተምም። ወረፋው ከኔ መስኮት ተነሥቶ ደረጃው ድረስ ወጥቷል። ስልኩ ይጮሃል፣ አንድ ሕፃን ይጮሃል፣ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ እኮ» ይሉኛል፤ ገና ጠዋት ነው።

«ቆይ አንዴ» አለችና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

አለቃችን ዶክተር ከማሽኑ ክፍል ወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወረፋ ሲያዩ ግን አንጎላቸው በእግራቸው ይሄዳል።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ቆይ አንዴ የሚባል ነገር የለም። ከማዋለጃ ይደውላሉ፣ ከቀዶ ጥገና ይደውላሉ። ማሽኑ ቁጥሩን አውጥቷል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ዶክተር፣ አንድ ቁጥር ለምን እንደጎደለ ልይና—»

«የመጨረሻው ሰው ነዋ የጎደለው! እሱን በኋላ እንደግምለታለን። ለአንድ ሰው ብለሽ ይህን ሁሉ ሕዝብ ልታቆሚ ነው? ያቺን ስክሪፕትሽን ዝም አሰኚልኝ አልኩሽ።»

ወደ ወረፋው አየች። ወደሳቸው አየች። ከዚያ እሷን ባወቅኋት ዕድሜ ሁሉ አድርጋ የማታውቀውን አደረገች፤ ቸኮለች። ስክሪፕቷ ቁጥር ሲያልቅባት እንዳትጮህ ከዝርዝሩ መጨረሻ አንድ ባዶ ቦታ ጨመረችላት። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ፣ ፕሪንተሩ ማጉረምረም ጀመረ። ለመጨረሻው ሰው ባዶ ወጣለትና «ይደገም» ተብሎ ተጻፈበት። ዶክተር «ይኸው! ይህን ያህል ነበር?» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ሄዱ። እሷ የእስክሪብቶዋን ክዳን እያኘከች ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀረች።

ወረቀቶቹ ተከፋፈሉ። ወረፋው ቀለለ። እኔም እፎይ ብዬ ጫማዬን ከጠረጴዛው ሥር አወለቅሁ።

ጫማዬን መልሼ ሳላደርግ አዋላጇ መስኮቴን በመዳፏ መታችው። ወረቀት ይዛለች።

«ይህን ውጤት ያወጣው ማን ነው? የሻምበል ልጅ ነጥታ አልቃለች፣ ከንፈሯ ላይ ጠብታ ደም የለም፤ እናንተ ደሟ አሥራ አራት ነው፣ ሙሉ ነው ትላላችሁ!»

ሻምበል የበሩ ጥበቃ ናቸው። ውትድርናን በሩቁም አያውቋትም፤ ማዕረጉን የሰጠናቸው ስለ ኮፍያቸው አቀማመጥ ነው። የሚገባውን ሰው ሁሉ ቦርሳ ይፈትሻሉ፤ የዶክተርንም። የማይፈትሹት አንድ ሰው ቢኖር ቆይ አንዴን ነው። «አንቺ ራስሽን ስትፈትሺ የምትውዪ ልጅ፣ እኔ ምን እጨምርልሻለሁ» ብለው በእጃቸው ያሳልፏታል። ልጃቸው ጎህ ሲቀድ ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏት ነበር።

ዶክተር ድምፁን ሰምተው መጡና ወረቀቱን ተቀበሉ። «ደም ገና እየፈሰሰ ሳለ ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ማሽኑ አዲስ ነው። ከተጠራጠርሽ ደግመሽ ቅጂ።»

«ደም ሥሯ ጠፍቶብኛል ዶክተር! ሁለት ቦታ ወጋኋት፣ አልወጣም። የደም ክፍሉ ደግሞ በዚህ ወረቀት ደም አልሰጥም ብሎኛል። የሷ ዓይነት ደም አንዲት ከረጢት ብቻ ነበረች፣ እሷንም ለሌላ በሽተኛ አውጥተዋታል።»

ቆይ አንዴ የእስክሪብቶውን ክዳን ከአፏ አወጣች።

በዚሁ መሐል በኮሪደሩ ሌላ ጩኸት መጣ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ጋጋሪ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ነርስ እየገፋችው ነው። ጠዋት ለተራ ምርመራ በእግሩ መጥቶ፣ ለኔ ትኩስ ዳቦ ሰጥቶኝ የገባ ሰው ነው።

«እህቴ፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ!» አለኝ በመስኮቱ ሲያልፍ። «ዛሬ ጠዋት ዱቄት ተሸክሜ ደረጃ ወጥቻለሁ። ደሜ ካለቀ ይህ ጉንጬ በምን ቀላ? በቀለም?»

ነርሷ ወደኔ ጠጋ ብላ፣ «ደሙ አምስት ነው፤ ይቀባዥራል» አለችኝ በሹክሹክታ። «የተገኘችውን ከረጢት ላስገባለት ነው።»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቆይ አንዴ አልሳቀችም። ከወንበሯ ተነሥታለች፤ ፊቷ ተለዋውጧል። ቀጥ ብላ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባች።

«የአለቃ ወንበር ላይ ማን ነው ያለው?» አለችው ባልደረባችንን።

«የምን አለቃ? እሱማ ቀረ እኮ። አዲሱ ማሽን መፈተሻዋን በጎኑ ነው የሚቀበለው። እኔ አሁን በሽተኛ የምደረድረው ከመጀመሪያዋ ጀምሬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ።»

ጎንበስ ብላ ብልቃጦቹ ላይ የተለጠፈውን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ዳቦ ጋጋሪው። ከሱ ቀጥሎ የሻምበል ልጅ። ቀና ብላ የማሽኑን ስክሪን አየች። በሻምበል ልጅ ቀዳዳ ትይዩ የቆመው ቁጥር አምስት ነው።

«ዶክተር፣ ይምጡ» አለች። ድምፅዋን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። «ስክሪፕቷ ዛሬም የመጀመሪያውን ቁጥር ዘላለች። አለቃ መስሏት በሽተኛ ዘላለች። ሁሉም ሰው የያዘው ከጎኑ ያለውን ሰው ውጤት ነው። የልጅቷ አምስት ለዳቦ ጋጋሪው ተሰጥቷል። መጨረሻው ላይ ነው የጎደለው ብለን ነበር፤ መጨረሻው ላይ ምንም አልጎደለም። ያጣነው መጀመሪያው ላይ ነው።»

ዶክተር መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ። «ቆይ፣ ቆይ ልጄ፤ ተረጋጊና—»

«አሁን መቆየት የለም!» አለች ቆይ አንዴ።

የደም ክፍሉን ስልክ ሞከረች፤ ተይዟል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችውና ዳቦ ጋጋሪው ወደ ተገፋበት ክፍል ሮጠች። እኔም መስኮቴን ክፍት ትቼ፣ በአንድ እግሬ ጫማ በአንዱ ካልሲ ተከተልኳት። ሊፍቱ ጋ ሰው ተኮልኩሏል። በደረጃው ወጣን። ነፍሴ ወጣ ገባ ትላለች፤ ከፊቴ የምትሮጠው ልጅ ግን ወደ ኋላዋም አላየች። ስንት በር እንደከፈትን አላስታውስም፤ ከየበሩ «ምነው? ምን ሆናችሁ?» የሚል ድምፅ ይከተለናል።

ዳቦ ጋጋሪው አልጋ ላይ ነው። እጅጌው ተሰብስቧል፣ መርፌው ገብቷል፣ ከረጢቷ ከራስጌው ተሰቅላለች። ነርሷ ማስተላለፊያዋን ልትከፍት ጣቶቿን አሳርፋለች።

«እጅሽን አንሺ!»

«በማን ትእዛዝ?» አለች ነርሷ፤ እጇንም አላነሣችም።

«በኔ ትእዛዝ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከአልጋው ላይ። «ከጠዋት ጀምሮ የሚሰማኝ አጥቼ ነው እንጂ!»

«የሱ ውጤት አይደለም። ደሙ ደህና ነው። ያቺ ከረጢት የምታስፈልጋት ማዋለጃ ያለችው ልጅ ናት። በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት፤ ካላመንሽኝ ዶክተርን ጠይቂ፣ ግን እጅሽን አንሺ።»

ነርሷ አየቻት፤ እኔንም ባለ አንድ ጫማዋን አየችኝ። ጣቶቿ ከማስተላለፊያዋ ላይ ቀስ ብለው ተነሡ። ከኋላችን ዶክተር እያለከለኩ ደረሱ። የማሽኑን ስክሪን ራሳቸው አይተውት ነው የመጡት፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። የልጅቷን ትክክለኛ ቁጥር በእጃቸው ጽፈው ፈረሙና አብራቸው ለመጣችው አዋላጅ ሰጧት። ከረጢቷ ወደ ደም ክፍል ተመለሰች፤ ላቦራቶሪ ከቀረው የልጅቷ ብልቃጥ ጋር ትስማማ እንደሆነ አይተው እስኪልኳት ድረስ ከመጠበቅ ሌላ የምናደርገው አልነበረም።

ተመልሰን ወረድን። እኔ ወደየክፍሉ እየደወልኩ «የጠዋቱን ወረቀት ቅደዱት» ማለት ጀመርኩ። ስንቱ ሰደበኝ! ቆይ አንዴ ስክሪፕቷን ከፈተች። ዶክተር ከኋላዋ ቆመው፣ «አንዱን ወደ ዜሮ ለውጪውና ይታተም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የጠዋቱ ድምፅ አልነበረም።

«ቆይ አንዴ» አለች ዞር ሳትል። ቆዩላት።

መጀመሪያ ያጠፋችው ጠዋት የጨመረችውን ባዶ ቦታ ነው። «ስትጮህ ትጩህ» ስትል ሰማኋት፤ ለራሷ ነው። ከዚያ ቆጠራውን ከዜሮ አስጀመረችው። በዚያም አላበቃችም፤ ከእንግዲህ በተራ ብቻ እንዳይሞላ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ብልቃጡ ላይ ካለው መለያ ጋር ካልገጠመ ስክሪፕቷ እንድትቆም አደረገቻት። እያንዳንዱን ስም ከማሽኑ ስክሪን ጋር፣ ባልደረባችን እየጠራላት እሷ እየተከተለች አየችው።

ሻምበል የመጡት ያኔ ነው። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ያለ ኮፍያ አይቻቸው ስለማላውቅ ወዲያው አልለየኋቸውም።

«ልጄ ጋ አላስገባ አሉኝ» አሉኝ በመስኮቱ። «ሰው ይሯሯጣል። ጠዋት ወረቀቷ ጥሩ ነው ብለውኝ ነበር እኮ። በሩ ላይ ለመጣው ሁሉ ስናገር ነው ያረፈድኩት። ምን ተፈጠረ?»

ወደ ዶክተር ዞርኩ። ዶክተር ወደ ማሽኑ ክፍል ገብተው አንዱን ባዶ ብልቃጥ ያገላብጣሉ። ሰማይና ምድሩን የሚያውቁ ሰው፣ ያቺን ብልቃጥ ያን ቀን ገና ያወቋት ይመስል! ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ቆይ አንዴ ተነሥታ በሩን ከፍታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ወረቀቱ ስሕተት ነበር። የልጅዎ ደም አንሷል፤ ደሙ ሊሰጣት ሲገባ ዘገየ። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ጎድሏል ብሎ ነግሮኝ ነበር። ሳላየው ዝም አሰኘሁት።»

«ትድናለች?» አሉ ሻምበል።

«አላውቅም አባባ።»

ኮፍያቸውን አደረጉ፤ አቀማመጡን ግን አላስተካከሉትም። ጀርባቸውን ሰጥተው በኮሪደሩ ሄዱ። እሷም ተመልሳ ተቀመጠችና የቀሩትን ስሞች ማመሳከር ቀጠለች። ስታለቅስ አላየኋትም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ዶክተር ዘግየት ብለው ተከትለዋቸው ሄዱ፤ ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ ቢያንስ ሄደዋል።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አዋላጇ ናት። «ከንፈሯ ቀላ» አለችኝ። «ሕፃኑን አምጡልኝ እያለች ነው።» ስልኩን እንደያዝኩ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ባልደረባችን መደርደሪያውን አቅፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቆይ አንዴ ራሷን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቃል።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ወረፋ ይዘን ከኋላዋ ነበርኩ። ተራዋ ሲደርስ ሻምበል እንደ ድሮው በእጃቸው አላሳለፏትም።

«ቆይ አንዴ» አሏት።

ቦርሳዋን ተቀበሉና ከፈቱት። የምሳ ዕቃዋን አነሡ፣ ጃንጥላዋን አነሡ፣ የጎን ኪሱን ዚፕ ከፍተው አዩት። ዘግተው መለሱላትና «እለፊ» አሉ። ቀልድም ቁጣም ፊታቸው ላይ አልነበረም። ቀጥሎ ባለው ቀንም እንደዚያው ሆነ፤ ከዚያም በኋላ።

እኔ አልቻልኩም። «በኋላው በር ለምን አትገቢም?» አልኳት አንድ ቀን። «ከአውቶቡስ ስትወርጂ እሱ ነው የሚቀርብሽ። እዚያ የሚፈትሽም የለም።»

«አባቴ ስንት ዓመት መንገድ ሲቀይር አይቼዋለሁ» አለችኝ። «አይጠቅምም።»

ስለዚህ በፊተኛው በር ነው የምትገባው፤ ቦርሳዋን ከሩቅ ከፍታ ይዛ ትደርሳለች። እሳቸውም አንድ ቀን ሳይፈትሹ አሳልፈዋት አያውቁም።

በቀደም ጠዋት ሻምበል በሩ ላይ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ቆመዋል። ልጃቸው ለክትትል መጥታ ካርድ ታወጣለች፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ ዳቦ ጋጋሪውን ታስንቃለች። ቆይ አንዴ ደረሰችና ቦርሳዋን እንደ ልማዷ ከፍታ ዘረጋች። ሻምበል ቦርሳውን አዩ፣ የተያዙ እጆቻቸውን አዩ። አሁንስ ያሳልፏታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«ቆይ አንዴ» አሏት፤ «ቦርሳሽን እስካይ ድረስ ይህን ልጅ ያዢልኝ።»

ሕፃኑን ክንዷ ላይ አስቀመጡላት። እሳቸው ቦርሳዋን ተቀብለው ጎንበስ ብለው የጎን ኪሱን ዚፕ ከፈቱ። እሷ ልጁን በሁለት እጇ አጥብቃ አቅፋ፣ ሳትነቃነቅ ቆመች።